የጡት ልጅነት መዝገብ

በ2073 ዓ.ም. ኮምቦልቻ፣ ቀጠና ዘጠኝ ውስጥ፣ ውኃ የሚለቀቀው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ቧንቧው ግን ቃል ካልተሰጠ አይከፈትም። ሀሴት አያሌው ባዶ ጀሪካኗን ከሥር ትደቅንና ግድግዳው ላይ በተገጠመችው መዳፍ በምታህል ሳጥን ፊት ትቆማለች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሀሴት። ትናንት ለሌላ ሰው ሥራ ሠርተዋል?» ትላታለች ሳጥኗ። ድምፅዋ የጨዋ ሴት ድምፅ ነው።

«ሠርቻለሁ።»

«ለማን?»

ሀሴት ስማቸውን በተርታ ትጠራለች። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው።

«ምንዎ ናቸው?»

«አቶ ናሆም የጡት አባቴ። ወይዘሮ ማክዳ አክስቴ። አቶ ሮቤል የክርስትና አባቴ...» እያለች እስከ መጨረሻው ትዘልቃለች።

«ክፍያ ተቀብለዋል?»

«ስጦታ ነው።»

«የዘመድ ስጦታ ግብር የለበትም። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ውኃው ይወርዳል። ይህን ቃል በየጠዋቱ መስጠት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

ሀሴት የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። በወጣትነቷ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ማሽኖቹ ብቻቸውን መስፋት ሲጀምሩ ከሦስት ሺህ ሴቶች ጋር ተሰናበተች። ባሏ ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ስለዋለ፣ በሽተኛ ማገላበጥንና ማጠብን፣ ጀርባው እንዳይቆስል መጠበቅን ያኔ ተምራለች። እሱ ሲሞት አንዲት ጎረቤት «እናቴንም እንደሱ ብታደርጊልኝ» አለቻት። ሥራው እንዲህ ተጀመረ። በቀጠናው ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌዎች ብዙ ነበሩ። ሀሴት ከቤት ቤት እየዞረች ታጥባቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ የሰፈሩን ወሬ ትነግራቸዋለች።

ይህን ሥራ በፈቃድ የሚሠራ ሰው ከመቶ ብር አርባ ሁለቱን ለግብር ያስገባል። ሕጉ ግን ዘመድ ለዘመድ የሚሰጠውን አይነካም። ዝምድና ደግሞ ሁለት ምስክር ይዞ ቀበሌ የሄደ ሁሉ ያስመዘግባል፤ የጡት ልጅም፣ አበልጅም፣ የክርስትና አባትም በመዝገብ ይገባል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ባህልን ማክበራቸው ነበር ይባላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ቀጠና ዘጠኝ ባዕድ የሌለበት ሰፈር ሆነ። ግንበኛው ግድግዳ ለሠራለት ሁሉ ወንድም ነው። ከሀሴት ቤት ቀጥሎ የምትኖረው ሩማና ሹሩባ እየሠራች ነው የምትተዳደረው፤ በመዝገብ ሁለት መቶ እህቶች አሏት። አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪ ስለ ቀጠናው ማኅበራዊ ትስስር ጥንካሬ ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ ሰዉ እየተቀባበለ አንብቦ ሆዱን ይዞ ስቋል።

ሳቁ ግን ዋጋ አስከፈለ። አንድ ቀጠና የሚያገኘው መብራት፣ መምህርና ሐኪም የሚተመነው ነዋሪው ባስገባው ግብር ልክ ነው። መጀመሪያ የመንገድ መብራቱ ጠፋ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ወደ ግማሽ ቀን ወረደ። ከዚያ የጤና ጣቢያው ተራ ደረሰ፤ ሳምንቱን ሙሉ ትገኝ የነበረችው አዋላጅ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ እንድትመጣ ተወሰነ። ሰዉ መንግሥትን አማ፤ ሀሴትም አብራ አማች።

የሩማና ልጅ ኢክራም ምጥ የያዛት በጥቅምት ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው ሰሌዳ «አዋላጅ ነገ ትገኛለች» ይላል። ሀሴትና ሩማና ባጃጅ ይዘው ወደ ቀጠና አራት ወሰዷት። የቀጠና አራት በር የኢክራምን መታወቂያ አነበበና የቀጠናዋ ድርሻ ማለቁን ነገራቸው። ቅድሚያ ክፍያ ጠየቃቸው፤ ሩማና ስልኳን አውጥታ ከሁለት መቶዎቹ እህቶቿ መለመን ጀመረች። ገንዘቡ ሲሞላ ኢክራም ወልዳ ነበር። የወለደችው ባጃጁ ውስጥ፣ ሀሴት እጅ ላይ ነው። ልጁ አለቀሰ። ደሙ ግን አልቆም አለ፤ በሩ ተከፍቶ የመጣው ነርስ ደሴ ካልደረሰች አይሆንም አላቸው። ከኮምቦልቻ ደሴ አቀበት ነው። ኢክራም ጭንቅላቷን ሀሴት ጭን ላይ አስደግፋ «እትዬ፣ በረደኝ» አለች። ሀሴት ነጠላዋን አለበሰቻት። አቀበቱን ሳይጨርሱ ሞተች።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ የተወራው ስለ ቀጠና አራት ጭካኔ ነበር። ሀሴት ሰልፍ ሠርተው የተቀመጡትን ለቀስተኞች ትመለከታለች። ግንበኛው አለ፤ ልብስ ሰፊው አለ፤ በየቤቱ እየዞረ ልጆች የሚያስጠናው መምህር አለ፤ እሷ ራሷ አለች። ሁሉም ከልባቸው ያለቅሳሉ። ስላልከፈሉት ግብር ግን ማንም አላነሣም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ውኃዋን ከቀዳች በኋላ ከሳጥኗ ፊት ሳትሄድ ቀረች።

«የአንዲት አዋላጅ የዓመት ደመወዝ ስንት ነው?» ስትል ጠየቀች።

ሳጥኗ ነገረቻት። ሀሴት በስኳር ከረጢት ጀርባ ላይ ጻፈችው። ከሥሩ በአሥራ አንድ ዓመት ያገኘችውን፣ ከዚያ ላይ መክፈል የነበረባትን አሰላች። የእሷ ብቻ የአዋላጇን የማክሰኞና የሐሙስ ደመወዝ ለአራት ዓመት ይሸፍን ነበር። ሒሳቡ የተሳሳተ መስሏት ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ያን ቀን መጀመሪያ የሄደችው ናሆም ወንድይፍራው ዘንድ ነው። ናሆም ሰማንያ ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሶበታል፤ መኪኖቹ ያለ ሾፌር መሄድ ሲጀምሩ ጡረታ ወጣ። ልጅ አልወለደም፤ ሚስቱ ቀድማዋለች፤ እግሮቹ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት አልታዘዝ ብለውት ቀሩ። አልጋው በመስኮቱ በኩል ስለሆነ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው ይለያል። «ሲሚንቶ ነው። ይሄኛው ባዶውን ነው። ይሄ ደግሞ ጎማው ሊፈነዳ ነው፤ ማን ይንገረው?» ይላል። ከጡረታው ሲሶውን በየወሩ «ለልጄ» ብሎ ይልክላታል።

ሀሴት ጀርባውን እያጠበች ሁሉንም ነገረችው። ፊቱን ስላላየች ለመናገር ቀለላት።

«እና ሄደሽ ልትናገሪ ነው?» አላት።

«ሌላ ምን ላድርግ አባባ? በእጄ ላይ ነው የሞተችው።»

«ገንዘቡን ብቻ ዝም ብለሽ ክፈያቸው።»

«ጠዋት ሳጥኗን ጠየቅኳት። ከማን እንዳገኘሁት ሳልናገር አይቀበሉም። የእርስዎንም ስም መጥራቴ ነው።»

ሀሴት ጎኑን አጥባ ፎጣ አለበሰችው።

«እኔ ኬላ ላይ ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ መሰለሽ» አለ በመጨረሻ። «ከሽንኩርት ሥር ሲጋራ፣ ከጨው ሥር ሞባይል። ያኔ የሚጎዳ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። ኬላ ሰው አይደለም እል ነበር።» ከዚያ ዞር ብሎ አያት። «ሂጂ ተናገሪ። ለኔ አትፍሪ፤ እኔ ምን ቀረኝ? ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቀበሌ ሄጄ የጡት ልጄ ናት ብዬ ስፈርም ለግብሩ ብዬ ነበር። አሁን ግን ለግብሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«አውቃለሁ አትበዪ። እነሱ ፊት ስትደርሺ ነው የሚታወቅ።»

የግብር ቢሮው ተቀባይ ኬናን የሚባል ወጣት ነበር። ሀሴትን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይቀመጡ እናቴ። ጥቆማ ደርሶብዎት ነው?»

«አልደረሰብኝም።»

«ፍተሻ መጥቶ ነው?»

«ማንም አልመጣብኝም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

ኬናን ፊቱ ያለውን ሰሌዳ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። «እዚህ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በገዛ እግሩ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አላት፤ ዓይኑ ውስጥ አክብሮት ነበር። «ችግሩ ቅጹ እንዲህ የሚል ምርጫ የለውም። ወይ ጥቆማ ነው ወይ ፍተሻ። ፍተሻ ካልኩት ቅጣቱ እጥፍ ይሆንብዎታል። ጥቆማ ልበለው?»

«የሚሻለውን አድርገው ልጄ።»

ስለ ዘጠኙም ሰዎች ጠየቃት። ማን እንደመሰከረ፣ በየወሩ ምን እንደሰጧት፣ አንድ በአንድ ተናገረች። አልደበቀችም፤ አልቀነሰችም። ናሆም ጋ ሲደርሱ ኬናን ከሰሌዳው ላይ አነበበላት።

«‹ዝምድናው ሐሰት መሆኑን ያውቁ ነበር?›»

«አውቅ ነበር።»

«‹ዛሬ ከአቶ ናሆም ወንድይፍራው ጋር ምንም ዓይነት ዝምድና አለኝ ይላሉ?›»

«አለኝ ብልስ?»

«ቃልዎ ሙሉ አይሆንም። እንዳልመጡ ነው የሚቆጠረው።»

ጣቶቿን ተመለከተች። ጠዋት ያጠበችበት ሳሙና ሽታው ገና አልለቀቀም።

«የለኝም» አለች።

ኬናን መዘገበ። ሀሴት ስትወጣ በሩ ጋ ቆም ብላ «ገንዘቡ ለጤና ጣቢያው ነው የሚገባው አይደል?» አለችው። «ለቀጠናዎ ነው» አላት። እንደዚያ መሆኑን ያምን ነበር።

ያላትን ሁሉ ከፈለች። የባሏን የጡረታ ቅሪት ጨመረችበት፤ የቤት ዕቃም ሸጠች። ሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሀሴት ከባሏ ሞት ወዲህ ያላገኘችውን እንቅልፍ ተኛች።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ቀጠና ዘጠኝ ውስጥ ውኃ አልመጣም። ሰዎች እንደወትሮው ከሳጥናቸው ፊት ቆመው እንደወትሮው ቃላቸውን ሰጡ። ሳጥኖቹ «ይህ ዝምድና ተሰርዟል። እባክዎ ትክክለኛውን ቃል ይስጡ» አሉ። ለሀሴት ዘጠኝ መዝገቦች የመሰከሩት ሰዎች ለሌላም መስክረው ነበር፤ እነዚያም ለሌላ። አንዱን ክር የሳበው ማሽን ሌላውን እየተከተለ ሄዶ በአንድ ሌሊት አራት መቶ ስድስት ዝምድና ፈታ። እስከ ረፋድ ድረስ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ በየደጁ ቆመ። ልጆች ተጠሙ። ከዚያ አንድ አንድ እያለ ወደየቤቱ ገባና ለሳጥኑ እውነቱን ተናገረ። ከየጓሮው የውኃ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ቅጣቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት መጣ። ለሀሴት ግን ሌላ መልእክት ደረሳት፤ «ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን» ይላል፤ ከተያዘው ግብር ላይ የጠቋሚ አበል ገብቶላታል። የተሸለሙ ጠቋሚዎች ስም ለሌላው አርአያ እንዲሆን ቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል። ያን ሳምንት የተለጠፈው ስም አንድ ብቻ ነበር።

ሀሴት ሮጣ ኬናን ዘንድ ሄደች። አበሉን መልሱልኝ አለችው።

ኬናን ፊቱ ገርጥቶ ነበር። «መመለሻ መንገድ የለውም እናቴ። ገቢ ነው፤ ግብሩን ከፍለው መያዝ ብቻ ነው የሚችሉት።»

«ጤና ጣቢያውስ?»

«የከፈሉት ያለፉት ዓመታት ግብር ስለሆነ ውዝፍ ነው ተብሎ ወደ ላይ ሄደ። ለዘንድሮ አይታሰብም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀጠናው ደግሞ የደበቀ ቀጠና ተብሏል። ነጥቡ ወርዷል። አዋላጇ ከጥር ጀምሮ ረቡዕ ብቻ ነው የምትመጣው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ በእግዜር ስም አላውቅም ነበር።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሩማና ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የኢክራምን ልጅ በጀርባዋ አዝላዋለች።

«ስምሽን አየሁት» አለቻት።

«ሩማና፣ ሽልማቱን እኔ...»

«ስለ ሽልማቱ አልጠየቅኩሽም። ለምን እንደሄድሽ ንገሪኝ።»

ሀሴት ለመዋሸት አሰበችና ተወችው። «ለኢክራም» አለች። «እኛ ከፍለን ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ አዋላጅ ትኖር ነበር። አስልቼዋለሁ።»

ሩማና በአንድ እጇ የበሩን መቃን ያዘች።

«እኔ ያላሰላሁት ይመስልሻል?» አለች ቀስ ብላ። «ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ምን ሳደርግ ነበር የመሰለሽ? በአንድ ሹሩባ ስንት፣ በዓመት ስንት። የራሴን ልጅ በስንት እንደሸጥኳት አውቃለሁ። ይህን ይዤ ልኖር ነበር፤ ዝም ብዬ፣ ይህንን ልጅ እያሳደግኩ።» ሕፃኑን ወደ ላይ አስተካከለችው። «ያ ሁሉ መኪና ያለ ሾፌር በደጃችን ሲያልፍ ባለቤቶቹ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቀሻል? አሥራ አምስት ዓመት የግብር ምሕረት አላቸው። እሱን ማን አሰላው? የኛን ሹሩባ ነው የሚቆጥሩ።»

«በእሱም ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበዪኝ! አሁን ለቅጣቱ ቤቱን እሸጣለሁ። ለልጄ ብለሽ ከሆነ፣ ልጄ አልላከችሽም። ዳግመኛ ስሟን በአፍሽ እንዳትጠሪ።»

ሩማና ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀሴትን ሰላም የሚላት ሰው አልነበረም። የሰደባትም አልነበረም። ሱቅ ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ስትወጣ ይቀጥላል። የምታጥባቸው ሽማግሌዎች ልጆች ከየሀገሩ እየደወሉ እንዳትመጣ ነገሯት። የእድሩ ጸሐፊ የወሩን መዋጮዋን ተቀበላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ናሆምን የወሰዱት በጥር ነው። መዝገቡ ስለተሰረዘ «ጧሪ የሌለው» ተብሏል፤ እንዲህ ያለ ሰው በሕጉ መሠረት ወደ አረጋውያን ማዕከል ይገባል። ሀሴት ደርሳ ስታይ ሁለት ወጣት ሴቶች አልጋውን ወደ መኪና እያስገቡ ነበር። ገሮች ነበሩ፤ ብርድ ልብሱን በደንብ ሸፈኑለት።

«ቆይ፣ እሷ ትምጣ» አላቸው ናሆም።

አንደኛዋ ሀሴትን በመሣሪያዋ አነበበቻትና «ዝምድና የላችሁም» አለች። «መሰናበት ግን ይችላሉ። መኪናው ሦስት ደቂቃ ይቆያል።»

ሀሴት እጁን ያዘችው። ብዙ ነገር ልትለው አስባ መጥታ ነበር። «ጥፍርዎን ሳልቆርጥልዎ» አለች።

«ይቆርጡታል» አለ ናሆም። «ንጹሕ ቦታ ነው አሉ።» ከዚያ እንደሚያፍር ሰው ወደ ጎን እያየ ጠየቃት። «ምንሽ ነው ብለው ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?»

ሀሴት ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት። ናሆም እጇን ጫን አደረገና ለቀቃት። በሩ ተዘጋ።

በየካቲት ሀሴት ፈቃድ ያለው ድርጅት ተቀጠረች። ለአንድ በሽተኛ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተመድቧል። ደሞዟ ላይ ግብሩ ራሱ ይቆረጣል፤ ስለ ሥራዋ ቃል መስጠት እንኳ አያስፈልጋትም። በሽተኞቹ ስሟን አያውቁም። ማውራት በደቂቃው ውስጥ አልተቆጠረም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት እጇን ይዛ አልለቅ ብላት ሁለት ደቂቃ አሳለፈች፤ ከደሞዟ ተቀነሰ።

ማዕከሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ሀሴት በእግሯ ሄደች። በሩ አነበባትና ቀይ አበራ። ጥበቃዋ ሙሉ ፊት ያላት፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች።

«ለዘመድ ብቻ ነው የሚፈቀደው እትዬ።»

«አጥቤያቸው ብቻ ልመለስ።»

«እየታጠቡ ነው። ሁሉም ይታጠባሉ።» ጥበቃዋ ግራ ቀኙን ካየች በኋላ ጠጋ አለቻት። «በጓሮ በኩል ለጽዳት የሚገቡ አሉ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ። ሁለት ሊትር ዘይት ይዘው ይምጡ። እኔ አላየሁዎትም፤ እርስዎም አልሰጡኝም። ሦስት ልጆች አሉኝ እትዬ፤ በደሞዙ አይሞላም።»

ሀሴት ተመለሰች። ሳምንቱን ሙሉ አሰበች። የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘይቱን በጥቁር ፌስታል ይዛ ሄደች።

የናሆም ክፍል ንጹሕ ነበር። ስድስት አልጋ አለው፤ ስድስቱም ሽማግሌዎች ጣሪያውን ያያሉ። ናሆም ራሱን ተላጭቷል፤ ከስቷል። ሀሴት የፅዳት ልብሱን እንደለበሰች አጠገቡ ተንበረከከች።

«ማን አስገባሽ?» አላት፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ከፍዬ ነው የገባሁት አባባ።»

«ደረሰኝ ሰጡሽ?»

እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየች። አይቀልድም።

«አልሰጡኝም።»

ናሆም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እንግዲያ ያ ሁሉ ለምን ነበር?» አለ።

ሀሴት በባልዲው ውኃ እግሮቹን አጠበች። በጣቶቹ መካከል ያለውን ቆዳ አንድ በአንድ አደረቀች፤ ቁስል የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የተፈቀደላት ሩብ ሰዓት ሲያልቅ ጥበቃዋ በሩን ነካ አደረገች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ዘይት ሲወደድ እራቷን ተወች። እሑድ ጠዋት ሳጥኗ «ትናንት ላገኙት አገልግሎት ለሌላ ሰው ክፍያ ፈጽመዋል?» ስትላት «አልፈጸምኩም» ትላለች። መጀመሪያ ቀን ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት አልተንቀጠቀጠም። ናሆም ያን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቃትም። ሌላም ብዙ አልተናገረም። አንዳንዴ ስትገባ ዓይኑን ይከድናል፤ ስታጥበው ግን እግሩን እንደሚያቀብል ሰው ትከሻውን ያንቀሳቅሳል።

በግንቦት አጋማሽ በአንዱ ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጓሮው በር ስትደርስ ጥበቃዋ ፌስታሉን አልተቀበለቻትም።

«ዛሬ አያስፈልግም እትዬ» አለች።

ሀሴት ገባት። «መቼ?»

«ሐሙስ። ተኝተው ነው ያረፉት አሉ።»

«የት ቀበሯቸው?»

«እሱ ለዘመድ ብቻ ነው የሚነገረው።»

«ዘመድ የላቸውም እኮ።»

«አዎ» አለች ጥበቃዋ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ስለዚህ ለማንም አልተነገረም።»

ሀሴት ፌስታሉን ዘረጋችላት። «ውሰጂውና ጠይቂልኝ። ሌላም እጨምራለሁ። የፈለግሽውን ያህል።»

«የሚጠየቅ ሰው ቢኖር በነጻም እጠይቅልዎ ነበር። የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ዘይት አይቀበልም።»

ሀሴት ፌስታሉን ይዛ እዚያው ቆመች። ፀሐዩ ከባድ ነበር። ከኋላዋ ሌላ ሴት፣ እሷም ጥቁር ፌስታል በእጇ አንጠልጥላ ተራዋን ትጠብቃለች። ሴትዮዋ በአክብሮት «ጨረሱ እትዬ?» አለቻት።

ሀሴት ፈቀቅ ብላ መንገዱን ለቀቀችላት።